ከተክል ስም ኋላ የተሰለፉት ሰዎች እነማን ናቸው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙቀቱ ሲበረታ ድሬ ቀይ ትለብሳለች። ያን ቀይ አበባ መንገዱ ላይ የሚያነጥፈው ዛፍ በአማርኛ ስሙ "የድሬዳዋ ዛፍ" ነው። ስሙን የሰማ ሰው እዚሁ የበቀለ ይመስለዋል። አይደለም፤ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ በሙሉ ሲጻፍ እንዲህ ይላል፦ ዴሎኒክስ ሬጂያ (ቦየር ኤክስ ሁክ.) ራፍ.

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በዚህች አንድ መስመር የተነሳ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ መቁጠር ትቻለሁ። ቦየር ማነው? ኤክስ እዚህ ምን ይሠራል? ቅንፉስ? ራፍ ደግሞ ምን ቤት ነው? ጥያቄዎቹን ሰብስቤ መልሳቸውን እዚህ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስሞቹን ለንባብ እንዲመች በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ እናንተ ወረቀታችሁ ላይ ስታሰፍሯቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

ከስሙ ኋላ የሚጻፈው ሰው ተክሉን ያገኘው ነው?

አይደለም። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ ሰው ስሙን በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ስም አወጣጥ ደንብ መሠረት አሳትሞ ያወጣው ነው። ተክሉን አንድም ቀን ቆሞ ላያየው ይችላል።

ቡናችንን ውሰዱ። ኮፊያ አራቢካ ኤል. ይባላል። "ኤል." ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። ሊኔየስ ሐረርን አላያትም፤ ኢትዮጵያንም አልረገጠም። በ1753 "ስፒሺስ ፕላንታረም" በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ስሙን አሰፈረ፣ በቃ። የአብዛኞቹ ተክሎች ስም መነሻ ተብሎ የሚቆጠረውም ይኸው መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ስም አይቆጠርም።

ስለዚህ "ኤል." የሚለው ቡናውን አገኘው፣ አለማው፣ ወይም ባለቤቱ ነው ማለት አይደለም። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚነግር አድራሻ ነው።

ታዲያ አድራሻው ለምን አስፈለገ? ስሙ ብቻውን አይበቃም?

ቀፊራ ገበያ መሃል ቆማችሁ "መሐመድ!" ብላችሁ ተጣሩ። ስንቱ ዞር እንደሚል ታዩታላችሁ። የአባት ስም ስትጨምሩ ነው አንዱ የሚመጣው።

ተክልም ላይ ይሄ ይደርሳል። ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ ለሁለት የተለያዩ ተክሎች አንድ ዓይነት ስም ያወጣሉ። በ1835 ለአንድ የሂማላያ ተክል አስትራጋለስ ራይዛንቱስ የሚል ስም ወጣ። በ1843 ቦይስዬ የተባለው ሊቅ ያንኑ ስም ለሌላ ተክል ሰጠ። ደንቡ ለቀደመው ይፈርዳል፤ የኋለኛው ስም ወደቀ። ቦይስዬም የራሱን ተክል አስትራጋለስ ካሪየንሲስ ብሎ እንደገና ሰየመው። እንግዲህ በመካከሉ ባለው ጊዜ የታተመ መጽሐፍ እጃችሁ ቢገባና ስሙ ብቻ ቢጻፍ፣ የትኛውን ተክል ማለቱ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? በሰውየው ስም ነው።

ቅንፉ ምንድነው? ቢወጣስ?

ቅንፍ ማለት ተክሉ ቤት ቀይሯል ማለት ነው።

የተክል ስም ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው ወገኑ ነው፣ ጂነስ የሚሉት። ሁለተኛው ዝርያውን ይለያል። ሊቃውንት "ይሄ ተክል የዚህ ወገን አይደለም" ሲሉ ወደ ሌላ ወገን ያዛውሩታል። ሁለተኛው ቃል ግን አብሮት ይሄዳል። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ቃል መጀመሪያ ያወጣው ሰው ቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ ያዛወረው ከቅንፉ ውጭ ይቆማል። ደረጃው ሲቀየርም፣ ለምሳሌ ንዑስ ዝርያ የነበረው ራሱን ችሎ ዝርያ ሲሆን፣ ነገሩ ያው ነው።

ከድሬ ወጣ ስትሉ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘውን እሾሃም ፕሮሶፒስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1788 ስዊድናዊው ኦሎፍ ስዋርትዝ ሚሞሳ ጁሊፍሎራ አለው። ኋላ ዴ ካንዶል ወደ ፕሮሶፒስ አዛወረው። ስሙም ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ (ስው.) ዲ.ሲ. ሆነ። በ2022 ደግሞ ተመራማሪዎች ፕሮሶፒስ የሚባለው ወገን አንድ ቤተሰብ አይደለም ብለው ከፋፈሉት። የኛው እሾህ አሁን ኔልቱማ ጁሊፍሎራ (ስው.) ራፍ. ነው። የሚገርመው፣ ራፊኔስክ፣ ያ "ራፍ." የሚባለው ሰው፣ ይህን ስም በ1838 አውጥቶት ነበር። ለረጅም ጊዜ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ወገኑ ሁለት ጊዜ ሲለዋወጥ ስዋርትዝ ግን ከቅንፉ ንቅንቅ አላለም።

ቅንፉ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ከኪሴ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ለአንድ ግቢ ተክሎች የስም ሰሌዳ አሠራሁ፤ አርባ የሚሆን። ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ሰጥቼ ሄድኩ። በማግስቱ ስመለስ ሁሉም ተሠርቶ ተደርድሯል። የማሽላው ላይ "ሶርጉም ቢኮሎር ኤል. ሜንሽ" ይላል። ቅንፍ የለም። ሌላውን አየሁ፤ እሱም የለም። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ልጅ ፈገግ ብሎ "ቲቸር፣ ቅንፉ ዲዛይኑን ስላበላሸው አጠፋሁት። አሁን አሪፍ ሆኗል" አለኝ። አቦ! ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አንድ አድርጎ፣ ኤል. ሜንሽ የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ሰው ፈጥሮልኝ ነው የጠበቀኝ። ትክክሉ ሶርጉም ቢኮሎር (ኤል.) ሜንሽ ነው። ግማሹን ሰሌዳ እንደገና አሠራሁ፤ ሒሳቡንም እኔው ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ፋይል ስሰጥ "ነጥብም ቅንፍም እንዳትነካ" ብዬ ቆሜ ነው የማሳትመው።

ማሽላን መጀመሪያ የሰየመው ሊኔየስ ነው። ግን መጀመሪያ ያወጣለት "ቢኮሎር" የሚለውን አልነበረም ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ነገሩ ትንሽ ያስቃል።

ሊኔየስ በ1753 ማሽላን ሆልከስ ሶርጉም ብሎት ነበር። በ1771 ሌላ ስም ጨመረ፤ ሆልከስ ቢኮሎር። በ1794 ሜንሽ ማሽላን ለብቻው ወገን አድርጎ ሶርጉም አለው። አሁን ቀደምትነት ይከበር ቢባል የ1753ቱ ቃል መቅደም ነበረበት። ግን ምን ሊወጣ ነው? ሶርጉም ሶርጉም። የዕፅዋት ደንብ ደግሞ ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት እንዲሆኑ አይፈቅድም። ስለዚህ ቀጣዩ ተወሰደ፤ ቢኮሎር።

እንሰትም በዚሁ መንገድ ነው ያለፈው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ እንሰት ከጻፈ በኋላ ግሜሊን በ1791 ሙሳ ኤንሴቴ ብሎ ሰየመው፤ ከሙዝ ወገን ቆጥሮት። ኋላ እንሰት የራሱ ወገን ሲሰጠው ኤንሴቴ ኤንሴቴ ሊባል ሆነ። አይቻልም። በዚህ የተነሳ ቬልቪች ከአንጎላ ለተገኘው ያወጣው ስም ተረከበውና ዛሬ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም (ቬልው.) ቺዝማን ይባላል። አገሩ እዚህ የሆነ ተክል ስሙን ከአንጎላ አመጣ።

የእንስሳት ሊቃውንትም እንዲህ ነው የሚጽፉት?

የሐረር ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ ነው፤ ጅቡን ይዘው። የጀጎል ጅብ ሳይንሳዊ ስሙ ክሮኩታ ክሮኩታ (ኤርክስሌበን፣ 1777) ነው። ሦስት ልዩነት ታያላችሁ። አንደኛ፣ ስሙ ተደግሟል፤ እንስሳት ላይ ይፈቀዳል። ሁለተኛ፣ ዓመቱ ተጽፏል፤ ተክል ላይ ዓመቱ የስሙ አካል አይደለም። ሦስተኛ፣ ቅንፉ ጅቡ ወገን መቀየሩን ይናገራል፤ ማን እንዳዛወረው ግን አይነግረንም። የዕፅዋት ሰዎች አዛዋሪውንም ያመሰግናሉ። የእንስሳቱ ሰዎች ዝም ይሉታል። እኔ የኛውን እመርጣለሁ፤ ለነገሩ ማን የራሱን አጃ መራራ ይላል።

"ኤክስ" ምን ማለት ነው?

ላቲን ነው፤ "ከ" እንደማለት። አንዱ ስሙን አሰበው፣ ወይም ጽፎት ሳያሳትመው ቀረ። ሌላው ከእሱ ወስዶ በደንቡ አሳተመው። ከኤክስ በፊት ያለው ሐሳቡን ያመጣው፣ ከኤክስ በኋላ ያለው ሥራውን የጨረሰው ነው።

ወደ ድሬዳዋ ዛፍ እንመለስ። ቬንስስላስ ቦየር የቦሄሚያ ሰው ነው። ዛፉን ማዳጋስካር ላይ አየው፣ ፖይንሲያና ሬጂያ ሊለውም አሰበ። በ1829 ግን ስሙን ከነመግለጫው ያሳተመው ዊልያም ሁከር ነው፤ ያኔ ስኮትላንድ ግላስጎው ውስጥ ፕሮፌሰር የነበረው። ስለዚህ ፖይንሲያና ሬጂያ ቦየር ኤክስ ሁክ. ሆነ። በ1837 ራፊኔስክ፣ አሜሪካ ተቀምጦ፣ ወደ ዴሎኒክስ አዛወረው። ቦየርና ሁከር አንድ ላይ ቅንፍ ውስጥ ገቡ፤ ራፊኔስክ ውጭ ቆመ። ያ ረጅም መስመር ይኸው ነው። ማን አየ፣ ማን አሳተመ፣ ማን አዛወረ፤ ሦስት ሰው፣ ሦስት ሥራ።

የጫት ታሪክ ግን ከዚህም ይብሳል። ሙሉ ስሙ ካታ ኤዱሊስ (ቫል) ፎርስክ. ኤክስ ኤንድል. ነው። ካታ የሚለው ከዐረብኛው "ቃት" የመጣ ነው። ፔር ፎርስኮል የሊኔየስ ተማሪ ነበር። ከዴንማርክ ከተላከ የጉዞ ቡድን ጋር የመን ገባ። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከኛ ፊት ለፊት ማለት ነው። ጫቱንም እዚያው አየው፣ ጻፈውም። በሐምሌ 1763 ያሪም በምትባል ከተማ በወባ ሞተ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ከጉዞ ቡድኑ በሕይወት ወደ አገሩ የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። የሟች ጓደኛውን ማስታወሻ ሰብስቦ በ1775 ያሳተመውም እሱ ነው።

ፎርስኮል ለጫቱ የሰጠው ስም ግን በዚያ መጽሐፍ ላይ እንደሰፈረ የደንቡን መስፈርት አላሟላም። በ1790 ቫል ሴላስትሩስ ኤዱሊስ ብሎ ሰየመው። በ1841 ኤንድሊኸር ወደ ካታ ሲያዛውረው፣ ያ ስም የፎርስኮል መሆኑን ለማስታወስ "ፎርስክ. ኤክስ" ተጨመረ። ብዙ ዝርዝሮች ላይ አሳጥረው ካታ ኤዱሊስ (ቫል) ኤንድል. ይሉታል። ስህተት አይደለም። እኔ ግን ቦታ ካለኝ ፎርስኮልን አልተወውም። ልጁ ለዚያች ቅጠል ሲል ነው እዚያ የቀረው ማለት ይቻላል።

ማሳጠር ካለብኝ የትኛውን ልተው?

ከኤክስ በፊት ያለውን። ሁልጊዜ። ቦየር ኤክስ ሁክ. ሲያጥር ሁክ. ነው፤ ቦየር አይደለም። ስሙን በሕግ ያቆመው የኋለኛው ስለሆነ ነው። ይህን ገልብጠው የጻፉ መጻሕፍት አጋጥመውኛል፤ አትከተሏቸው።

"ኢን" የሚል ሳይስ?

አንዱ በሌላው መጽሐፍ ውስጥ ስሙን አወጣ ማለት ነው። እንግዳ ሆኖ በሰው ቤት ጻፈ በሉት። "ኢን" እና ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የመጽሐፉ መረጃ ነው። ከስሙ ጋር መሸከም የለባችሁም፤ ቁረጡት።

ሊኔየስ ለምን በአንድ ፊደል ይጻፋል? ሌላው ሰው ምን ጎደለው?

ሊኔየስ ብዙ ስለሰየመ ነው። በየገጹ ሙሉ ስሙን መጻፍ ያደክማል። "ኤል." ሲባል ሌላ ሰው አይደለም፤ እሱ ብቻ ነው።

ሌሎቹም የየራሳቸው አጭር መጠሪያ አላቸው። ይህን አንድ ወጥ ያደረጉት ብራሚትና ፓውል ናቸው፤ በ1992 ከእንግሊዙ የኪው የዕፅዋት ማዕከል ትልቅ የስም ዝርዝር አሳተሙ። ዛሬ ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ ይቀጥላል። ቁም ነገሩ አጭሩን መጠሪያ ከራሳችሁ አትፍጠሩ ነው። "ሁክ." ማለት አባትየው ሁከር ነው። "ሁክ.ኤፍ." ስትሉ ልጁ ጆሴፍ ሁከር ይሆናል። አንዲት ፊደልና ነጥብ አባትና ልጅ ይለያሉ።

ይህች "ኤፍ." ፊሊዩስ ከሚለው የላቲን ቃል ናት፤ ልጅ ማለት ነው። ኑጋችን ጉይዞቲያ አቢሲኒካ (ኤል.ኤፍ.) ካስ. ይባላል። መጀመሪያ የሰየመው ትልቁ ሊኔየስ ሳይሆን ልጁ ነው። በጥላው የምንጠለልበት የኒም ዛፍ ደግሞ አዛዲራክታ ኢንዲካ አ.ዡስ. ነው። "ዡስ." ብቻ ብትሉ አባቱ ይሆናል፤ "አ." ስትጨምሩ ልጁ አድሪየን ደ ዡስዬ። ከፊደሉና ከስሙ መካከል ክፍተት አይተውም፣ ነጥቡ ራሱ ይበቃል።

ቤተሰቡ የዕፅዋት ሰው ከሆነ እኮ ጣጣው ብዙ ነው።

ከሰያሚዎቹ መካከል ኢትዮጵያዊ የለም?

አለ እንጂ! እንዲያውም የምወደው ምሳሌ የአደይ አበባ ነው። አደይ ከሚባሉት አንዷ ቢደንስ ማክሮፕቴራ (ሹ.ቢፕ. ኤክስ ኪዮቭ.) መስፍን ትባላለች።

ቀስ ብለን እናንብባት። ሹ.ቢፕ. ጀርመናዊው ካርል ሹልትዝ ነው። ወንድሙም ሹልትዝ፣ እሱም ዕፅዋት አጥኚ። እንዳይምታቱ የትውልድ ከተማውን የዝዋይብሩከንን የላቲን ስም ጨመረበት፤ ቢፖንቲኑስ። የሳቢያኑ መሐመድ፣ የከዚራው መሐመድ እንደምንለው። ኪዮቭ. ጣሊያናዊው ኪዮቬንዳ ነው። ሹልትዝ ያሰበውን ስም ያሳተመው እሱ ነው። ከሁሉም በኋላ፣ ከቅንፉ ውጭ፣ ተክሉን ወደ ቢደንስ ወገን ያዛወረው መስፍን ታደሰ ቆሟል።

ልብ በሉ፣ "ታደሰ" አይደለም የተጻፈው። "መስፍን" ነው። ከውጭ አገር ደብዳቤ የተጻፈለት ሁሉ ያውቀዋል፤ ፈረንጅ በአባትህ ስም ነው የሚጠራህ። እዚህ ግን የኛ ሊቃውንት በገዛ ስማቸው ነው የገቡት። ሰብስቤ ደምሰውም "ሰብስቤ" ተብሎ ነው የሚጻፈው። የአንኮበሯ እሬት አሎየ አንኮበረንሲስ ኤም.ጂ.ጊልበርት እና ሰብስቤ ትባላለች። እንሰርሙ ቀልቤሳም "እንሰርሙ" ነው። ተማሪዎች የማመሳከሪያ ዝርዝር አሠራር ለምደው "ደምሰው" ብለው ይጽፉብኛል። የተመዘገበው መጠሪያ ይለያል፤ እሱን ተከተሉ።

"እና" ወይም "&" ሲኖርስ?

ሁለቱ አብረው ሰየሙት ማለት ነው። ከሁለት በላይ ከሆኑ የመጀመሪያውን ጽፎ "ኤት አል." ማለት ይቻላል።

ቡናው የኛ ሆኖ "አራቢካ" መባሉ አይገባም። ማስቀየር አይቻልም?

ይሄ ጥያቄ ሐረር ላይ ሲነሳ ድምፅ ከፍ ይላል። ይገባኛል። ግን አይቻልም። ስም አይመጥንም፣ ደስ አይልም፣ ስህተት ይዟል ተብሎ አይጣልም፤ ደንቡ በግልጽ ይከለክላል። ያ ባይሆን ኖሮ እያንዳንዱ አገር የየራሱን ክርክር ይዞ ይመጣና ስም የሚባል አይቆምም ነበር።

ደንቡን የሚያሻሽለው ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጉባኤ ነው። በ2017 ሸንዠን፣ በ2024 ማድሪድ ተሰብስቧል። ማድሪድ ላይ አንድ ያልተለመደ ነገር ወሰኑ። በደቡብ አፍሪካ ለጥቁሮች ስድብ ሆኖ ከኖረ ቃል የተወሰዱ "ካፍራ" የሚሉ ስሞች "አፍራ" ተብለው እንዲስተካከሉ። አንድ ፊደል ናት የወጣችው። የሰያሚው ስም ግን ባለበት ይቆያል። አራቢካ እንደዚህ ዓይነት ቁስል የለባትም። ትልቁ ሊኔየስ ቡናው ከዐረብ አገር መስሎት ነው፤ ተሳሳተ፣ ቀረ።

የገበሬ ዘር ላይስ ሰው ይጻፋል? ሙይራ፣ ፈንዲሻ ላይ?

አይጻፍም። ሙይራና ፈንዲሻ የሐረርጌ ገበሬ መርጦ ያቆያቸው የማሽላ ዘሮች ናቸው። ሳይንሳዊ ስማቸው ያው የማሽላው ነው፤ የዘሩ ስም ከኋላው ብቻውን ይከተላል። ለገበሬው ግን አንድ መስመር ቢተውለት ደስ ባለኝ ነበር።

ንዑስ ዝርያ ሲኖር የሰዉ ስም የት ይግባ?

ወይራን እዩ። ኦሌያ ዩሮፔያ ኤል. ንዑስ ዝርያ ኩስፒዳታ (ዎል. እና ጂ.ዶን) ሲፍ. ነው። ሁለት ቦታ ሰው አለ። ነገር ግን የንዑስ ዝርያው ቃል ከዝርያው ቃል ጋር አንድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሶርጉም ቢኮሎር ንዑስ ዝርያ ቢኮሎር ሲሆን፣ ከመጨረሻው ቃል ኋላ ማንም አይጻፍም። ያ ስም በራሱ የተፈጠረ ነው፤ አውጪ የለውም።

የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ በየቦታው ልጻፈው?

ኧረ በፍጹም። መጀመሪያ ስታነሱት አንድ ጊዜ፣ ወይም የተክሎቹ ሠንጠረዥ ላይ። ከዚያ በኋላ ስሙ ብቻ። በየአንቀጹ "(ቫል) ፎርስክ. ኤክስ ኤንድል." እያለ የሚሄድ ጽሑፍ አንብቤ ዓይኔ ደክሞኛል። አርእስት ላይም አያስፈልግም። ደንቡ ራሱ ሰያሚን መጥቀስ ግዴታ አያደርግም። የስም አወጣጥ ወይም የምደባ ጉዳይ ካልጻፋችሁ አንድ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው።

የላቲኑን ስም ዘንበል ባለ ፊደል፣ የሰውየውን በቀጥታው መጻፍ ልማድ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ዘንበል አታድርጉት፤ ኮምፒዩተር ላይ መስመሩን በሙሉ መርጦ መጫን ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ትክክለኛውን ከየት ልይ?

ከአሮጌ ወረቀት አትቅዱ። የጓደኛን ጽሑፍ መገልበጥማ ይቅር። ሁለት ቦታ በቂ ነው። አንዱ ዓለም አቀፉ የተክል ስሞች መዝገብ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ስሙን ማን፣ መቼ፣ የት እንዳወጣው ይነግራችኋል። ሌላው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ ነው። ሥራው በ1980 ተጀምሮ በ2009 ያለቀ፣ ስምንት ቅጽ። ተክሉ ሐረርጌ ይገኝ እንደሆነም እዚያው ላይ ታያላችሁ። ቅጾቹ ከታተሙ ወዲህ ግን ስም ተቀይሯል፤ የፍሎራውን በመዝገቡ አመሳክሩ። ጤፍ ራሱ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ኢራግሮስቲስ አቢሲኒካ (ዣክ.) ሊንክ ነው። ኋላ ፍሎረንስ ላይ ዙካኒ በ1775 የሰጠው ስም ከዣክን የ1781 ስም መቅደሙ ታየና፣ አሁን ኢራግሮስቲስ ቴፍ (ዙካኒ) ትሮተር ነው የሚባለው።

ሰሌዳው ትንሽ ነው፤ ሁሉም አይገባም። ምን ላድርግ?

ሰዎቹን በሙሉ ተዋቸው። ዴሎኒክስ ሬጂያ ብላችሁ ብትጽፉ ትክክል ነው፣ ጎዶሎ አይደለም። ትንሽ ቦታ ካለ (ሁክ.) ራፍ. ጨምሩ። ሰፊ ከሆነ ቦየርንም አስገቡት። ቅንፉን ትቶ ሰዎቹን ማስቀረት ግን አይሆንም። የእኔዋ ሰሌዳ አሁንም ዛፉ ሥር አለች። ቦየርም፣ ኤክስም፣ ቅንፉም በቦታቸው ናቸው። ከላይ በትልቁ ደግሞ በአማርኛ "የድሬዳዋ ዛፍ" ይላል፤ እሱን ማን እንዳወጣው የተጻፈ የለም።